ከሬዲዮ ቤት ልውጣ ወይስ ልቆይ? እማማንስ ምን ፊት ይዤ ላናግራቸው?

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ። ዓምድዎን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ የሰው ችግር ስጠይቅ የምውል ሰው ነኝ። ስሜና የምሰራበት ቤት ይቆይልኝ። 32 ዓመቴ ነው፣ አንድ ክልል ውስጥ ባለ የህዝብ ሬዲዮ ጣቢያ 9 ዓመት ሰርቻለሁ፣ ጀማሪ ሪፖርተር ሆኜ ገብቼ አሁን ከፍተኛ ሪፖርተር ነኝ፣ ሰው ሲጎድል ዜናም አነባለሁ። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው፣ የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችን፣ የምንኖረው በኪራይ ነው።

ሬዲዮ ለኔ ዝም ብሎ ስራ አይደለም። ያደግኩት አባቴ የደምሴ ዳምጤን የኳስ ስርጭት ጆሮውን ሬዲዮኑ ላይ ለጥፎ ሲሰማ እያየሁ ነው፣ ቤታችን ቲቪ ሳይገባ ማለት ነው። ትንሽ ልጅ ሆኜ ማንኪያ ይዤ «እንደምን አመሻችሁ» እያልኩ ዜና አነብ ነበር ይሉኛል። አሁን አባቴ ጡረታ ወጥቷል፣ የማታ ዜና ሰዓት ሲደርስ ቤቱን ሁሉ ዝም ያሰኛል፣ እኔ የሰራሁት ካለ ደውሎ «ሰማሁሽ» ይለኛል፣ ሌላ ነገር አይጨምርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሶስት ሳምንት በፊት አንድ ወረዳ ፊልድ ወጣን፣ ስለ ውሃ ፕሮጀክት ዘገባ ልሰራ። ፕሮጀክቱ ከተመረቀ ቆይቷል፣ የምረቃውንም ዜና የሰራነው እኛው ነን። ስንደርስ ግን ቦኖው ደርቋል፣ ፓምፑ ተበላሽቷል፣ ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካናቸውን አዝለው እንደ ድሮው ወንዝ እየወረዱ ነው። አንዲት እማማ ቤታቸው አስገብተውኝ ቡና አፈሉልኝ፣ ለቡናው የሚሆነውን ውሃ ከእንስራው ስር በጣሳ እየቧጠጡ ሲቀዱ አየሁና ይቅር ብላቸው እምቢ አሉኝ። ሪኮርደሬን ከፍቼ አናገርኳቸው። ያሉት እንዲህ ነበር፣ «የመጀመሪያው ሰሞን ተመስገን ከወንዝ ተገላገልን አልን፣ ከዛ ሁለት ወር ሳይሞላው ቀጥ አለ፣ ይኸው ዓመቱ ሊደፍን ነው፣ መጥቶ ያየን ሰው የለም።» ስወጣ በሩ ድረስ ሸኝተውኝ «ልጄ ይሄን ነገር ታሰሚልናለሽ አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

4 ደቂቃ አድርጌ ሰርቼ ዘገባ ለሚያርመው ዴስክ ሰጠሁ። የተላለፈው ግን አንድ ደቂቃ ከምናምን ነው። መጀመሪያ የወረዳው ሃላፊ ስለ ንፁህ ውሃ ሽፋን የተናገረው አለ፣ ቀጥሎ የእማማ ድምፅ ይመጣል፣ «ተመስገን ከወንዝ ተገላገልን»፣ እዛ ላይ ተቆረጠ። መጨረሻ ላይ የኔ ስም ተጠራ። በማግስቱ መንገድ ያሳየን የቀበሌው አስተማሪ ደወለልኝና እማማ መከራቸውን እያዩ ነው አለኝ፣ መንደሩ «ስንት ሰጥተዋቸው ነው ውሃ አለ ያሉት» እያለ ነው፣ ወንዝ ሲወርዱ አብሯቸው የሚሄድ ጠፋ። ስልክ የሚያነሳላቸውን የልጃቸውን ቁጥር ላከልኝ። እስከዛሬ አልደወልኩም። ምን ፊት ይዤ? የዛን ቀን ማታ ደግሞ አባቴ ደውሎ «ሰማሁሽ» አለኝ።

ለባልደረቦቼ ሳወራ «ይሄ እኮ የተለመደ ነው፣ አንቺ አዲስ ነሽ እንዴ» አሉኝ። ፌስቡክ ላይ ደሞ ጣቢያችን ፖስት ባደረገ ቁጥር ስር ስር «ካድሬዎች» የሚል አይጠፋም፣ ድሮ አልፈው ነበር አሁን ግን ልክ ናቸው ማለት ጀምሬያለሁ።

በዚህ መሃል አንድ ኤንጂኦ ኮሙኒኬሽን ኦፊሰር ሆነሽ ነይ አለኝ። እኔ አሁን እጄ ላይ የሚደርሰኝ 14 ሺህ ብር አካባቢ ነው፣ እነሱ 45 ሺህ ነው ያሉኝ፣ ውሉ የአንድ ዓመት ሆኖ የሚታደስ ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ይፈልጋሉ። ባለቤቴ «ምን ይታሰባል» ነው የሚለው፣ አልፈርድበትም። አንድ ጓደኛዬ ደሞ ሁሉንም ትተሽ ዩቲዩብ ክፈቺ ትለኛለች። እኔ ግን ማታ ማታ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። ብወጣ ሬዲዮን የከዳሁ ይመስለኛል፣ ብቆይ ደሞ እንደዛ እየተቆረጠ ስንት ዓመት? እባክዎ ምን ላድርግ?

ስሜ ይቆይ፣ ከአንድ የክልል ከተማ

መልስ

የኔ እህት፣ ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ እኔም በሬዲዮ ቤት ያለፍኩ ስለሆንኩ የዴስኩም የስቱዲዮውም ነገር እዛው ቁጭ ያልኩ ያህል ነው የታየኝ። መጀመሪያ አንድ ያስተዋልኩትን ልንገርሽ። ስለ 45 ሺህ ብሩ የጻፍሽው ሁለት ሶስት መስመር ነው፣ ስለ እማማ የጻፍሽው ግን የእንስራውን ስር፣ ጣሳውን፣ በሩ ድረስ መሸኘታቸውን ሳይቀር ነው። ጥያቄሽ «ልውጣ ወይስ ልቆይ» ቢሆንም እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ብቻ አልመሰለኝም፣ አዎ ብለሻቸው የመጣሽው ቃል ነው። ስለዚህ ከእሳቸው እንጀምር፣ የስራው ነገር ከዛ በኋላ ቀለል ብሎ ይታይሻል ብዬ አስባለሁ።

ደውዪላቸው። ምን ፊት ይዤ ላልሽው፣ ያው ያለሽን ፊት ይዘሽ ነዋ፣ ሌላ ከየት ይመጣል። ከተቻለሽ ደሞ ስልኩን መንገድ መክፈቻ አድርጊውና በእረፍት ቀንሽ ሄደሽ አግኚያቸው፣ ምክንያቱም የተጎዱት መንደራቸው መሃል ነው፣ አንቺም መንደሩ እያየሽ ቤታቸው ብትገቢ ስልክ የማይሰራውን ስራ ይሰራል። አስተማሪው አብሮሽ ቢሆን ጥሩ ነው። ስትነግሪያቸው አታስረዝሚው፣ «እማማ ያሉኝን ሙሉውን ነበር የሰራሁት፣ ሲተላለፍ ግን ግማሹ ቀረ፣ እርስዎ ውሃ አለ አላሉም፣ ይሄን ለጎረቤቶችዎም እነግራለሁ» በያቸው። ኤዲተሩ ምናምን እያልሽ የቢሮሽን ነገር እሳቸው ላይ አትጫኚ፣ እሳቸው ኤዲተር ምን እንደሆነ የማወቅ ግዴታ የለባቸውም፣ የሚያውቁት አንቺን ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ሙሉው ይተላለፋል» ብለሽም ቃል አትግቢ፣ በእጅሽ ያልሆነ ነገር ነው። ይልቅ እሳቸው ምን እንደሚፈልጉ ጠይቂያቸው። ምናልባት ድምፃቸው ድጋሚ እንዲተላለፍ ይፈልጉ ይሆናል፣ ምናልባት ደግሞ ስሜን ከዚህ በኋላ አታንሺው ይሉሽ ይሆናል፣ ሁለቱም መብታቸው ነው። ሊቆጡሽም ይችላሉ፣ ቢቆጡሽ ስሚያቸው።

ቀጥሎ የምጠይቅሽ ነገር አለ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት። ማን ነው የቆረጠው? አንቺስ ጠይቀሽዋል ወይ? ባልደረቦችሽን አውርተሻል፣ እነሱም የተለመደ ነው ብለውሻል፣ ግን የዛን ቀን ተረኛ የነበረውን ኤዲተር ፊት ለፊት ያናገርሽው አይመስልም። ይሄን የምልሽ ሊወቀስ የሚገባው እሱ ብቻ ነው ለማለት ወይም ነፃ ልታደርጊው ይገባል ለማለት አይደለም። እንደምታውቂው እኛ ቤት ብዙ ነገር የሚቆረጠው ማንም ደውሎ ቁረጡ ሳይል ነው። የዜና ቡለቲኑ ሊገባ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አራት ደቂቃ ዘገባ ጠረጴዛው ላይ ይመጣል፣ ቦታው አንድ ደቂቃ ተኩል ነው፣ ኤዲተሩ ባለፈው ሳምንት በሌላ ዜና ተጠርቶ ተጠይቋል፣ እጁ ራሱ ወደሚያሰጋው ቦታ እየሄደ ይቆርጣል። አንዳንዱ ደግሞ አውቆ ነው የሚቆርጠው። ሁለቱ ለእማማ ልዩነት የላቸውም፣ ላንቺ ግን አላቸው፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው ሰው ሊሰማሽ ይችላል፣ ሁለተኛው ግን አይሰማሽም። የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ ቤቱን ለቀሽ ብትወጪ ጥያቄው አብሮሽ ይወጣል።

ስለዚህ ሰው በሌለበት ሰዓት ኤዲተሩ ጋ ግቢና «ሴትየዋ ያሉት ይሄ ነው፣ የተላለፈው ይሄ ነው፣ መንደራቸው ውስጥ የደረሰባቸው ደግሞ ይሄ ነው» ብለሽ ንገሪው። ጩኸት አያስፈልገውም። ከዛ ተከታይ ዘገባ ልሰራ በይው። እዚህ ላይ የሙያ ነገር ላንሳ፣ 9 ዓመት ስለሰራሽ ታውቂዋለሽ ግን ሰው ሲከፋው የሚያውቀውንም ይረሳል። በህዝብ ሚዲያ የህዝብ ቅሬታ ብቻውን ሲመጣ በር ይዘጋበታል፣ የሚመለከተው መስሪያ ቤት መልስ ታክሎበት ሲመጣ ግን ኤዲተሩ የሚይዘው ነገር ያገኛል። የወረዳውን የውሃ ጽህፈት ቤት ደውለሽ ፓምፑ ለምን ቆመ፣ መለዋወጫው የት ደረሰ፣ መቼ ይጠገናል ብለሽ በድምፅ ያዢ፣ መልስ አልሰጥም ካሉም ስንት ጊዜ እንደጠየቅሽ ጻፊ። ከዛ የእማማን ሙሉ ድምፅ፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ከሱ ጋር አድርገሽ አስገቢ። ይሄ ማለሳለስ አይደለም፣ የሁለቱንም ወገን መስማት ድሮም የዘገባ ወጉ ነው፣ ባጋጣሚ ደሞ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ መንገድ የሚከፍተውም እሱ ነው።

የጣቢያችሁን ኤዲቶሪያል ፖሊሲ መጨረሻ ያነበብሽው መቼ ነው? ስትቀጠሪ ከሆነ አሁን አውጪና አንብቢው፣ የተጠያቂን ሃሳብ ስለማዛባትና ስለ እርምት የሚለውን ፈልጊ፣ አቤቱታሽን ከሱ ቃል ጋር አያይዘሽ በአጭሩ በኢሜይል አድርጊው፣ ግልባጩን ያዢ። ህገ መንግስቱ ራሱ አንቀጽ 29 ንዑስ 5 ላይ በመንግስት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ወይም በመንግስት ቁጥጥር ስር ያለ ሚዲያ የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚያስችለው መንገድ እንዲመራ ያዛል። ወረቀት ላይ ያለና ዴስክ ላይ ያለ አንድ እንዳልሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። ግን ወረቀቱን ይዞ የሚናገር ሰው «ከፍቶኝ ነው» ከሚል ሰው ይልቅ ይሰማል።

ብቻሽንም አትሁኚ። በ2016 እ.ኤ.አ በደቡብ አፍሪካው የህዝብ ብሮድካስተር በኤስኤቢሲ አለቆች በተቃውሞ ሰልፍ ላይ ንብረት ሲወድም የሚያሳይ ምስል አይተላለፍም ብለው ሲከለክሉ ስምንት ጋዜጠኞች ተቃወሙ፣ ተባረሩ። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፣ የብሮድካስት ተቆጣጣሪው አካል ክልከላው እንዲነሳ አዘዘ፣ አብዛኞቹም ወደ ስራቸው ተመለሱ። ዋጋ አልከፈሉም ማለቴ አይደለም፣ ማስፈራሪያ የደረሰባቸው አሉ፣ ሃገሩም ፍርድ ቤቱም የኛ አይደለም፣ አንቺንም ሂጂና ተባረሪ እያልኩሽ አይደለም። ያነሳሁት ስምንት ስለነበሩና ነገሩን በጽሁፍ ስላደረጉት ነው። «የተለመደ ነው» ካሉሽ ባልደረቦችሽ መሃል ውስጡ የተቃጠለ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም፣ «የተለመደ ነው» የሚለው ራሱ ብዙ ጊዜ ቁስል ያለበት ሰው ንግግር ነው። አንዷን ቡና ጋብዢያት።

ካድሬ ስለሚሉሽ ሰዎች ብዙ አልልም። የዛ ወረዳ ሰው ቢልሽ ትሰሚያለሽ፣ መብቱ ነው። ፎቶ የሌለው አካውንት በእኩለ ሌሊት ሲልሽ ግን ስለ 9 ዓመት ስራሽ የሚያውቀው ነገር የለም፣ ስልኩን ከመኝታ ቤት አውጪውና ተኚ። እንቅልፍ ማጣቱ ከቀጠለ ሃኪም ማየትም አያሳፍርም፣ ይሄን በደንብ ልብ በይልኝ።

አሁን ወደ ስራው። ገንዘብ ፈልጎ ስራ መቀየር ክህደት አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ኪራይም ዘይትም የልጅ ትምህርት ቤትም የት እንደደረሰ አስቤዛ የምትገዢው አንቺ ነሽ የምታውቂው፣ በአስተማሪና በጋዜጠኛ ደሞዝ በኪራይ ቤት ልጅ የምታሳድግ ሴት 45 ሺህ ብር ሲሏት ልቧ ካልደነገጠ ነው የሚገርመኝ። ስለዚህ ለገንዘቡ ከሆነ ገንዘቡ በቂ ምክንያት ነው፣ ማንንም ይቅርታ አትጠይቂበትም።

ግን አንድ ነገር በግልፅ ላስቀምጥልሽ። ከመቆረጥ ለመሸሽ ከሆነ የምትሄጂው፣ መቀሱ እዛም አለ። የኤንጂኦ ኮሙኒኬሽን ስራ ብዙውን ጊዜ የስኬት ታሪክ መጻፍ ነው፣ ለለጋሾች የሚላክ፣ ፎቶው ላይ ፈገግታ ያለበት። ነገ ያ ድርጅት ያስቆፈረው ቦኖ ሁለት ወር ሰርቶ ቢቆምና አንቺ ሄደሽ ሌላ እማማ «መጀመሪያ ተመስገን ተገላገልን አልን፣ ከዛ ቀጥ አለ» ቢሉሽ፣ ሪፖርቱ ላይ የሚገባው የትኛው ግማሽ ይመስልሻል? ሁሉም እንደዛ ናቸው አልልም፣ ጉድለታቸውን በግልፅ የሚጽፉ ድርጅቶች አሉ። ለዛ ነው ኢንተርቪው ላይ ወይም አሁን መልስ ከመስጠትሽ በፊት ይሄን ጠይቂ የምልሽ፣ «ፕሮጀክት ሳይሳካ ሲቀር እንዴት ነው የምትጽፉት፣ የመጨረሻውን ቃል የሚያፀድቀው ማነው?» ካልደነገጡና ምሳሌ ከሰጡሽ ጥሩ ምልክት ነው።

ሌላው የውሉ ነገር ነው። የአንድ ዓመት የሚታደስ ብለውሻል፣ የሚታደሰው በማን ገንዘብ ነው? በጥር 2017 ዓ.ም የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ ድንገት ሲቆም በሃገራችን በዩኤስኤድ ገንዘብ የሚሰሩ ስንት ፕሮጀክቶች እንደቆሙ አይተሻል፣ ጤና ሚኒስቴር እንኳን በዛ በጀት የቀጠራቸውን 5 ሺህ የሚደርሱ ሰራተኞች ውል አቋርጧል። በዛው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ የአማርኛ ክፍሉን ጨምሮ የቪኦኤ (የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ) ሰራተኞች ባንድ ቅዳሜ ከስራ ገለል ብለው እንዲቆዩ ተነገራቸው፣ ከ1 ሺህ 300 በላይ ሰው፣ እነሱም የህዝብ ሚዲያ ጋዜጠኞች ነበሩ፣ ያውም ብዙዎቻችን የምንመኘው ቤት። ይሄን የማነሳው ላስፈራሽ አይደለም፣ የተረጋጋ ቤት የሚባል ነገር በዚህ ዘመን እንደ ድሮው ስላልሆነ ነው። ስለዚህ ለጋሹ ማነው፣ የፕሮጀክቱ ገንዘብ የጸደቀው እስከ መቼ ነው፣ ከመሃል ቢቆም ስንት ወር ይከፈለኛል፣ ጡረታዬ ወዴት ይዞራል፣ እነዚህን በጽሁፍ ጠይቂ። ከባልሽ ጋር ደሞ አንድ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ቁጭ በሉና የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወር ልዩነቱን ሳትነኩ ማስቀመጥ ትችሉ እንደሆን አስሉ። «ምን ይታሰባል» ያለው ቤቱ ስላስጨነቀው ነው፣ አንቺ ደግሞ ስለ እማማ የነገርሽው አይመስለኝም፣ ንገሪው። የሚጨነቅበትን ነገር ሳያውቅ እንዴት አብሮሽ ይወስን?

ዩቲዩቡን አሁን አልመክርሽም። ጓደኛሽ መልካም አስባ ነው፣ ግን ካሜራው ኤዲቱ ኢንተርኔቱ ሁሉ ካንቺ ኪስ ነው፣ ገቢው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፣ በመደበኛነት የዜና ስራ ልስራበት ካልሽ ደሞ የሚዲያ አዋጁ 1238/2013 ኦንላይን ሚዲያንም ስለሚመለከት የምዝገባ ጣጣ አለው። ለሌላ ጊዜ።

በሁለቱ መሃል ደግሞ ያላነሳሽው ሶስተኛ መንገድ አለ። የሰለቸሽ ጋዜጠኝነቱ ነው ወይስ የዜና ዴስኩ? እስቲ ባለፈው አንድ ዓመት ከሰራሻቸው ውስጥ ሰርተሽ ስትጨርሺ ደስ ያለሽን አስታውሺ። ዜና ነበር ወይስ ረዘም ያለ ፕሮግራም? ብዙ የህዝብ ጣቢያዎች ላይ ጥብቁ ቦታ ዜናው ነው፣ የእርሻ፣ የጤና፣ የሴቶችና የህፃናት ፕሮግራም ላይ ግን ገበሬውም እናቲቱም ዓረፍተ ነገራቸውን እስኪጨርሱ የሚወራበት ጊዜ አለ፣ የሚያይሽም ዓይን ይቀንሳል። እማማ ሃያ ደቂቃ ፕሮግራም ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ «ቀጥ አለ» የሚለው ላይ መድረሳቸው የማይቀር ነበር። ከፍተኛ ሪፖርተር ነሽ፣ ዝውውር መጠየቅ ትችያለሽ፣ ምናልባት ደረጃም አብሮ ይስተካከል ይሆናል። ደሞዙን ሶስት እጥፍ አያደርገውም፣ እሱን አልዋሽሽም። ግን ሬዲዮን ትወጃለሽና ሳትሞክሪው አትውጪ።

እኔ ወደ የት እንዳዘነበልኩ ልንገርሽ፣ ትቀበዪው አትቀበዪው ያንቺ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እማማን አግኚ፣ ኤዲተሩን አናግሪ፣ ተከታይ ዘገባውንና የፕሮግራም ዝውውሩን በጽሁፍ ጠይቂ። ፊት ከነሱሽ፣ ወይም «እሺ እናያለን» ብለው ካንጠለጠሉሽ፣ እና ኤንጂኦው ስለ ውሉ የጠየቅሽውን በቀጥታ ከመለሰልሽ፣ ስራውን ያዢው። ልጅ አለሽ፣ ኪራይ አለብሽ፣ ቤቱ ሊሰማሽ እድል ሰጥተሽዋል። ተከታይ ዘገባውን ከተቀበሉሽና ፕሮግራሙ ከተፈቀደልሽ ግን ነገሩ እውነተኛ ምርጫ ይሆናል፣ ያን ጊዜ በገንዘቡ መወሰንም በፍቅሩ መወሰንም ሁለቱም የሚያኮራ ነው። ሁለት ሳምንቱ ካልበቃሽ ኤንጂኦውን ተጨማሪ አንድ ሳምንት ጠይቂያቸው፣ በደንብ የፈለገሽ መስሪያ ቤት በአንድ ሳምንት አይጥልሽም።

ለአባትሽ የምትነግሪውን እያሰብሽ እንደሆነ ይገባኛል። ስለ ተቆረጠው ዘገባ እስካሁን አልነገርሽውም ብዬ ገምቻለሁ። ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮ የሰማ ሰው ነው፣ በሬዲዮ የሚባለውንና የማይባለውን ካንቺ በፊት ጀምሮ ለይቶ ሲሰማ የኖረ ትውልድ ነው፣ እንደምታስቢው አይሰበርም። ይልቅ አንቺ ሌሊቱን ሳትተኚ እያደርሽ እሱ ደስ ብሎት «ሰማሁሽ» ማለቱን ቢያውቅ ነው የሚያዝነው።

የምትወጪ ከሆነ ደግሞ በስርዓት ውጪ። የቅጥር ውልሽን አውጥተሽ የምትተዳደሪው በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው ወይስ ጣቢያው የራሱ መተዳደሪያ ደንብ አለው የሚለውን እዪ፣ ከሰው ሃብትም አረጋግጪ። በአዋጁ ከሆነ መልቀቂያ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይፈልጋል፣ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው ደግሞ በስልጠና ምክንያት የፈረመው የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ አለው፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ከዛ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ። 9 ዓመት ቀላል አይደለምና አትተዪው። ጣቢያው ልኮሽ የወሰድሽው ስልጠና ካለ የፈረምሽውን ወረቀት ቀድመሽ ፈልጊ። የተላለፉ ስራዎችሽን ቅጂ በደንቡ ጠይቀሽ ውሰጂ፣ ያልተላለፈ ጥሬ ድምፅ ግን የሰዎቹ አደራ ስለሆነ ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ እንዳትወጪ። የመልቀቂያውን ደብዳቤ የምታስገቢው ደግሞ የአዲሱ መስሪያ ቤት የተፈረመና ማህተም ያለው ውል እጅሽ ከገባ በኋላ ነው፣ በስልክ «ጨርሰናል» ስላሉሽ እንዳታስገቢ።